ጦቢያን ዳግም ማንበብ፦ የወንድ ልብስ የሰጣትና የወሰደባት

የሚወደድ የቆየ መጽሐፍ በሥርዓተ ጾታ ዓይን ዳግም ይነበብ ሲባል፣ ብዙ አንባቢ ነገሩን የሚረዳው እንደ ክስ ነው፤ መጽሐፉ ችሎት ፊት የሚቆም፣ ደራሲው በሌለበት የሚፈረድበት፣ አንባቢውም ሲወደው የኖረውን እንዲጠላ የሚገደድ ይመስለዋል። በዚህም ምክንያት ክርክሩ ገና ሳይጀመር ሁለት ጎራ ይፈጠራል፤ አንዱ ወገን መጽሐፉን ሊከላከል ጋሻ ያነሣል፣ ሌላው የጥፋት ዝርዝር ሊያወጣበት እርሳስ ይቀርጻል፤ መጽሐፉን ከፍቶ የሚያነብ ግን ከሁለቱም ዘንድ ይጠፋል። ይህ ሐተታ የሚሟገተው ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን እንደተሳሳቱት ለማሳየት ነው። ማሳያው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሴትነትና የወንድነት ጥያቄ የዛሬ አንባቢ ከውጭ ይዞት የሚገባ እንግዳ ሳይሆን ታሪኩ የቆመበት ምሰሶ ነው፤ ምሰሶውን ሳያይ ያለፈ አንባቢ መጽሐፉን ወዶት ይሆናል እንጂ አንብቦ አልጨረሰውም።

ከሙግቱ በፊት ሁለት ቃላት መፈታት አለባቸው። ጾታ ሰው ወንድ ወይም ሴት ሆኖ የሚወለድበት ተፈጥሮ ሲሆን፣ ሥርዓተ ጾታ ግን ኅብረተሰቡ በዚያ ተፈጥሮ ላይ የሚገነባው የድርሻ፣ የጠባይና የሥልጣን አደላደል ነው። ማን ለንግድ አገር ያቋርጣል፣ ማን ቤት ይጠብቃል፣ በንጉሥ ፊት ቆሞ የሚናገር ማን ነው፣ ቀና ብሎ ማየት ድፍረት የሚሆነው ለማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው የሚመጣው ከማሕፀን ሳይሆን ከልማድ ነው። ሁለተኛው ቃል ፋንታሲ እየተባለ የሚጠራው ምናባዊ ልብ ወለድ ነው፤ ይህም በካርታ ላይ በማይገኝ ግዛት፣ በዘመን ቁጥር በማይያዝ ጊዜ የሚፈጸም፣ ዕጣና ድንገተኛ ግጥጥሞሽ የሚነዳው ተረት መሰል ድርሰት ማለት ነው። በ«ጦቢያ» ውስጥ አስማተኛና ዘንዶ ባይጠሩም፣ ከታሪክ መዝገብ ጋር የማይመሳከር ጦርነት፣ ንጉሥን የሚያፈዝ ውበት፣ የጠፋን ወንድም በሚፈለግበት ሰዓት መልሶ የሚያመጣ ዕድል አሉና፣ መጽሐፉ ከታሪካዊ ልብ ወለድ ይልቅ ለምናባዊው ቤተሰብ ይቀርባል። ይህ ምደባ ለሙግቱ ትርጉም አለው፤ ዓለምን እንዳሻው ለመሥራት ነፃ የሆነ ደራሲ ከነባሩ ዓለም ምንም ሳይነካ ያስቀረው ነገር፣ ከፈጠረው ነገር ባልተናነሰ ስለ ዘመኑ ይናገራልና።

ከዘጌ እስከ ሮም

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣና ዳር በምትገኘው ዘጌ በ1860 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና ሥዕል ተምረው፣ ወደ ጣሊያን ተሻግረው፣ በኔፕልስ አማርኛ አስተምረዋል። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ ልብ የወለደው፣ ማለትም አእምሮ የፈጠረው ታሪክ ለማለት ነው። ይህ ስያሜ ከአንድ መጽሐፍ ርእስነት አልፎ የድርሰቱ ዓይነት በሙሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ መጽሐፉ ራሱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በዋና ገጸ ባሕሪዋ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። እንግዲህ በአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነገር ሲወለድ ስሙን የሰጠው መጽሐፍ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣች ሴት ልጅ ታሪክ መሆኑ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

የታሪኩ አጽም ይህ ነው። የክርስቲያኖች ጦር በአረመኔዎች ጦር ይሸነፋል፤ መሪው ይማረካል፤ አንድ ቸር ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። የምርኮኛው ልጆች ዋሕድና ጦቢያ መንትያ ናቸው። ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ሊመልስ ይወጣና ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ቀጥሎ አባትየውና ጦቢያ ዋሕድን ፍለጋ ይነሣሉ፤ ጦቢያም ወንድ መስላ ትጓዛለች። መንገዱ ወደ አረመኔው ንጉሥ ያደርሳቸዋል፤ በዚያም የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወድዳታለች። ምስጢሩ ሲወጣ ንጉሡ ጦቢያን ለማግባት ይሻል፤ እርሷ ሃይማኖቷን አልለቅም ስትል እርሱ ከነሕዝቡ ክርስትናን ይቀበላል፤ ዋሕድ ተገኝቶ የንጉሡን ዘመድ ያገባል፤ ታሪኩ በሁለት ሠርግ ይዘጋል።

በዚህ አጽም ውስጥ ከሁሉ የሚያስገርመው ሚዛኑ ነው። ወንድምየው በገዛ ልብሱ፣ በገዛ ስሙ፣ ልማዱ በሰጠው ሙሉ ፈቃድ ወጥቶ ሰንሰለት ላይ ይወድቃል፤ እኅትየው በሰው ልብስ ወጥታ ንጉሥ ፊት ትደርሳለች። ልብሱ የሰጣት አዲስ ጉልበት ወይም አዲስ ብልሃት አይደለም፤ ብልሃቱ ቀድሞም ነበራት። የሰጣት ነገር መተላለፊያ ነው፤ ከወንዶች ጋር መጓዝን፣ በማያውቁት ሰው መካከል ማደርን፣ ሲጠየቁ መመለስን ያለ ጥርጣሬ የሚያስፈቅድ ማለፊያ ወረቀት ሆነላት። መጽሐፉ ይህን እንደ ቁም ነገር አያውጅም፤ ታሪኩ ግን ያለዚህ ጨርቅ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። ሥርዓተ ጾታን ከ«ጦቢያ» ላይ የሚያነሣ አንባቢ የሚቀርለት ከቤት ያልወጣች ልጅና ያልተገኘ ወንድም ብቻ ነው።

ማን ነህ በሚባልበት በር

መስሎ መገኘት በሴትና በወንድ ላይ እኩል ክብደት እንደሌለው ለማየት ከልብ ወለዱ ወጥቶ ወደ እውነተኛ በር መሄድ ይጠቅማል። የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር እንደታነጸ ይታወቃል፤ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮቹ አንዱ በሐረሪዎች አርጎብ በሪ፣ በአማርኛ ኤረር በር የሚባለው ምሥራቃዊ መግቢያ ነው። በር ማለት ሰው ማንነቱን የሚጠየቅበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ከተማዪቱ የገባው በዚህ በኩል ሲሆን፣ ከዘይላ የተነሣው ሐጂ አብደላ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ መስሎ ነበር። ወደ ሐረር ሲቃረብ ግን የፊቱ ቅላት ቱርክ እንዳያሰኘው ሠጋና የነጋዴነቱን ካባ አውልቆ በእንግሊዝነቱ ለመቅረብ ወሰነ፤ ከኤደን ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤም ራሱ ጻፈ። በአሚር አሕመድ ቤት ዐሥር ቀን ያህል ከርሞ ወጣ፤ በቀጣዩም ዓመት ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ።

የበርተን መስሎ መቅረብ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ አልፎም የሚነገረው እንደ ጀብዱ ነው። ልብሱን ሲፈልግ ለበሰው፣ ሳይመቸው ሲቀር አወለቀው፤ ሲያወልቀውም ከበፊቱ የሚበልጥ ማዕረግ ጠበቀው። ጦቢያ ግን ልብሱን የምትለብሰው ዝና ፍለጋ ሳይሆን ያለርሱ መንገዱ ስለማይታለፍ ነው፤ ስታወልቀውም የሚጠብቃት የተጓዥ ዝና ሳይሆን የሙሽራ ወንበር ነው። አንድ ዓይነት ድርጊት በአንዱ ላይ የሕይወት ታሪክ መክፈቻ፣ በሌላዋ ላይ መዝጊያ የሚሆንበት ይህ ልዩነት ሥርዓተ ጾታ የሚባለውን ነገር ከማንኛውም ፍቺ በተሻለ ያስረዳል።

እዚህ ላይ ሙግቱን የሚያወሳስብ፣ ስለዚህም ሊታለፍ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በበርተን ቅፍለት ውስጥ ምግብ የሚያበስሉ ሁለት የሶማሌ ሴቶች ነበሩ፤ ከጉዞው ብዙውን ክፍል ያለ ምንም መሸፈኛ በሴትነታቸው ተጉዘዋል። በርተን በቀልድ ያወጣላቸው ስም ከ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ተረት የተወሰደ ነበር፤ ሸህረዛድና ዲናርዛድ አላቸው። ዛሬም ኤረር በር ላይ የጫት እስራቸውን በቅጠል ሸፍነው ከፊታቸው ዘርግተው፣ ከማለዳ ጀምሮ ከገዢ ጋር ዋጋ የሚከራከሩት በብዛት ከአካባቢው ገጠር የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች ናቸው፤ መንገዱንም ገበያውንም ያውቁታል፤ የማንንም ልብስ አልተዋሱም። እንግዲያው መንገድ ለሴት ሁሉ ዝግ ነበር ማለት ስሕተት ነው። ዝግ የነበረው ለባለ ስም ሴት፣ ለመኳንንት ልጅ ነው፤ ለምታበስል፣ ለምትሸከምና ለምትሸጥ ሴት መንገድ ምንጊዜም ክፍት ነበር፤ ማንም እንደ ጀብዱ አልቆጠረላትም እንጂ። «ጦቢያ» ስለ ሴት በጥቅሉ ሳይሆን ስለ አንድ ማዕረግ ሴት የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ማስተዋልም የዳግም ንባቡ አንድ ፍሬ ነው።

ግሥ የማይደብቀው

መስሎ የመቅረብ ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ ቋንቋው ራሱ ገጸ ባሕሪ ይሆናል። አማርኛ የተናጋሪውን ጾታ አይጠይቅም፤ «መጣሁ» ያለ ሰው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አያሳብቅበትም። ስለ ሌላ ሰው ሲነገር ግን ማምለጫ የለም፤ ወይ «መጣ» ወይ «መጣች» ነው። ፊት ለፊት ሲነጋገሩም «ና» እና «ነይ»፣ «ተቀመጥ» እና «ተቀመጪ» ይለያያሉ። ወንድ መስላ የምትጓዝ ሴት ስለ ራሷ እስከተናገረች ድረስ አንድም ውሸት ሳይወጣት ቀኑን ሙሉ ልትጫወት ትችላለች፤ ወንድነቷን የሚሠሩላት የሚያናግሯት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ «ና» እና እያንዳንዱ «ተቀመጥ» በለበሰችው ልብስ ላይ የምትጨመር አንዲት ስፌት ናት። ሥርዓተ ጾታ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ነገር ሳይሆን ሌሎች በየደቂቃው የሚሰጡት ነገር ነው የሚለው የምሁራን ሐሳብ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ከግሥ እርባታ ሠንጠረዥ የሚነበብ ነው። ማምለጫ ካለ አክብሮት ነው፤ «መጡ» ወይም «ይቀመጡ» የተባለ ሰው ጾታው ተሰውሯል። ትልቅ ሰው ሆኖ መከበር በቋንቋው ዘንድ ከወንድና ከሴት በላይ መቆም መሆኑ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ኤረር በር ላይ ይህን ልዩነት በጆሮ መስማት ይቻላል። እዚያ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይደባለቃሉ። ሐረሪ እንደ አማርኛ ወንዱን «አኻኽ»፣ ሴቷን «አኻሽ» ብሎ ይለያል። ኦሮምኛ ግን ፊት ለፊት ለቆመ ሰው አንድ «አቲ» ብቻ አለው፤ ጾታ የሚመጣው ስለ ሦስተኛ ሰው ሲወራ «ኢኒ» ወይም «ኢሼን» ሲባል ነው። ጦቢያ ከነልብሷ እዚያ ገበያ ብትቆም፣ በኦሮምኛ የምታነጋግራት ሻጭ ጾታዋን ሳትወስን ዋጋ ተከራክራ ልትጨርስ ትችል ነበር፤ የሚፈረድላት ዞር ስትል ነው። በአማርኛ ግን ፍርዱ ከሰላምታው ይጀምራል። ስለዚህ «ጦቢያ»ን ዳግም የሚያነብ ሰው ከሚሠራቸው ሥራዎች ቀዳሚው የግሡን መድረሻ መከታተል ነው፤ ተራኪው መቼ ምን እንደሚላት፣ የሚያነጋግሯት ሰዎች መቼ ምን እንደሚሏት፣ ሁለቱ የሚለያዩበትም ቦታ የት እንደሆነ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ማንበብ ነው። ይህ ጨዋታ ያለበት ንባብ ነው፤ ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጊን ዘንድም ተመሳሳይ ትግል ይገኛል። ለ ጊን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ልብ ወለድ ቋሚ ጾታ የሌላቸውን ሰዎች ፈጥራ በጠቅላላው «እሱ» እያለች ጠራቻቸው፤ በ1976 ምርጫዋን ተከላክላ ከጻፈች በኋላ፣ ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆይታ ያንኑ ጽሑፍ መልሳ በማረም ስሕተት እንደነበረ አመነች። አንዲት ተውላጠ ስም የአንድን ዓለም ግማሽ ልትሰውር እንደምትችል ፈጣሪዋ ራሷ መሰከረች።

«በዘመኑ ሚዛን ይመዘን»

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ክብደት ያለው፣ የ1900 ዓ.ም. መጽሐፍ በዛሬ ሚዛን ሊመዘን አይገባም የሚለው ነው። በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው፤ ሰው ባልሰማው ሕግ አይከሰስም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ያ ዘመን ስለ ሴት ድርሻ ምንም ጥያቄ አያውቅም ነበር የሚል ያልተነገረ ግምት ይዟል፤ ግምቱም አይቆምም። መጽሐፉ ከመታተሙ ዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1888 ዓ.ም.፣ እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ በመቐለ የተከበበው የጣሊያን ጦር የሚጠጣውን ውኃ ማስያዛቸውም ምሽጉን ለማስለቀቅ ወሳኝ ሆኗል። ሴት በጦር ሜዳ ውሳኔ ስትሰጥ አፈወርቅም አንባቢያቸውም ያውቁ ነበር፤ ለዚህም የወንድ ልብስ አላስፈለጋትም።

የሐረር ታሪክ ከዚያም ወደ ኋላ ይወስዳል። የኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሚስት የነበረችው ባቲ ድል ወንበራ፣ ልጇ በክርስቲያኖች እጅ ሲማረክ፣ በሌላው ወገን ልጇ ሚናስ ከተማረከባት ከእቴጌ ሰብለ ወንጌል ጋር ድርድር ገብታ ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን ተለዋውጠዋል። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1543 ከሞተ በኋላም ደሙን የሚመልስላትን ካልሆነ እንደማታገባ ተናግራ ኑርን እንዳገባች ይተረካል፤ ኑርም በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገድሎ የሐረርን ግንብ በስሙ አስጠራ። ይህን ከ«ጦቢያ» ጋር ማስተያየት ያስደንቃል። በልብ ወለዱ ምርኮኛን በገንዘብ የሚያስለቅቀው ወንድ ነጋዴ ነው፤ ብድሩን ሊመልስ የሚወጣው ወንድ ልጅ ነው፤ ሴቷ የምትነሣው ወንዱ ሲጠፋ ነው። በታሪክ ግን በሁለት ሃይማኖት መካከል የምርኮኛን ጉዳይ የጨረሱት ሁለት ሴቶች ናቸው። ገሃዱ ዓለም ከምናቡ ሰፍቶ ሲገኝ፣ ለምን ጠበበ ብሎ መጠየቅ የዛሬን ሚዛን ወደ ኋላ መወርወር ሳይሆን መጽሐፉን ከገዛ አገሩ ታሪክ ጋር ማነጋገር ነው።

ዘመኑ ሌላም ምንጭ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ከሚነበበው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ ከስንክሳር ውስጥ፣ በወንድ ልብስ ወደ ወንዶች ገዳም ገብተው እንደ መነኩሴ የኖሩ፣ ሴትነታቸውም የታወቀው ሲሞቱ የሆነ ቅዱሳት አሉ። በቤተ ክርስቲያን ያደጉት የዘጌው ልጅ እንዲህ ያለውን ታሪክ ሳይሰሙ አድገዋል ማለት አይቻልም፤ ከዘጌ ብዙም በማይርቀው የክብራን ገብርኤል ገዳም ደሴትም ሴት እንዳትገባ ሥርዓት ተሠርቷል። ልዩነቱ ምስጢሩ ከተገለጠ በኋላ የሚሆነው ላይ ነው። ቅድስቲቱ ስትገለጥ ገዳሙ በሙሉ ስለ ቀድሞ ግምቱ ይጸጸታል፤ ትምህርቱን የሚማሩት ያዩዋት ሰዎች ናቸው። ጦቢያ ስትገለጥ ግን የሚጸጸት የለም፤ ሠርግ ይደገሳል።

ተምሳሌት፣ ጀግንነትና የንባብ ደስታ

ሁለተኛው ተቃውሞ ጦቢያ ሴት ሳትሆን አገር ናት የሚል ነው። ጦቢያ የሚለው ስም በሕዝብ አፍ የኢትዮጵያ መጠሪያ በመሆኑ፣ ብዙ ሰዎች ታሪኩን በተምሳሌትነት፣ ማለትም አንዱን ነገር እያወሩ ሌላውን የሚያመለክቱበት ድርሰት አድርገው ያነቡታል፤ ልጅቱ አገሪቱ ናት፣ ንጉሡ በእምነት የሚጠቃለለው ሕዝብ ነው። ንባቡ ብዙ ይፈታል፤ ግን ጥያቄውን አያጠፋውም፤ ያባብሰዋል። አገር በሴት ከተመሰለች፣ አንድነቷም የሚፈጸመው በውበቷ ተማርኮ በሚያገባት ንጉሥ ከሆነ፣ አገር የምትሠራው በመወደድ እንጂ በመናገር አይደለም ማለት ነው። የዓለሙን ሕዝብ በክርስቲያንና በአረመኔ ብቻ የሚከፍለው መጽሐፍ፣ መስጊዶች በሞሉት በጀጎል ውስጥ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው፣ «እኛ» የሚለውን ቃል በማን ስም እንደሚናገር መጠየቁም የማይቀር ነው፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንዲት ሙሽራ ላይ ተቋጥረዋልና ተለያይተው አይፈቱም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዳጅ ወገን ይመጣል፤ ጦቢያ ደፋር፣ ብልህና ጽኑ ስለሆነች መጽሐፉ አስቀድሞ ለሴቶች ቆሟል ይላል። እውነትነት አለው፤ በተለይ ንጉሥ ሲለምናት በእምነቷ መጽናቷ በገዛ ሴትነቷ የምታደርገው፣ ከልብስ ያልተዋሰችው ድፍረት ነው። ሆኖም ደፋር ሴት መፍጠር አንድ ነገር፣ ድፍረቷን እስከ መጨረሻው ማስኬድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በታተመው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥ ኤዮዊን የተባለች ልዕልት የወንድ ስምና ጥሩር ለብሳ ዘምታ፣ ማንም ወንድ ሊገድለው የማይችለውን ክፉ አለቃ በሴትነቷ ጥላ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ሰይፉን ትታ ትዳር ትይዛለች። ሮምና ኦክስፎርድ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ልዩነት፣ አንድ ዓይነት መዝጊያ ላይ ተገናኙ። መዝጊያው የአንድ ደራሲ ጉድለት ሳይሆን የድርሰቱ ዓይነት ልማድ ነበር ማለት ነው። ልማዱ ሊሰበር እንደሚችል ደግሞ ለ ጊን አሳይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ወንዶች ብቻ የሚማሩበት የአስማት ትምህርት ቤት ያለበትን ዓለም ፈጥራ፣ በ1990 ወደዚያው ዓለም ተመልሳ ኀይሉን ያጣውን ጠንቋይ ትታ የአንዲትን ባልቴት ኑሮ መሐል አስቀመጠች። የቀደመውን መጽሐፍ አልቀደደችም፤ ቀጠለችው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ተረት ተረት ነው፣ ደስታችንን አታበላሹ የሚለው ነው። መልሱ ኤረር በር አጠገብ፣ ጨለማ ሲወርድ ይገኛል። ሐረር ጅቦቿን የምትመግብ፣ በግንቧም ሥር የጅብ ማለፊያ ቀዳዳ ያላት ከተማ ናት። የአማርኛ ተረት ጅብን «አያ ጅቦ» ይለዋል፤ አያ ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ ማክበሪያ ነው። በሐረር ዙሪያ የሚገኘው የነጥባማው ጅብ መንጋ ግን በሴቶች የሚመራ ነው፤ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ማዕረግ የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፣ የአካሏም አፈጣጠር ከወንዱ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። ሥጋውን ለመንጠቅ ሌሎቹን ገፍታ የምትቀድመው ግዙፍ ጅብ፣ ተመልካቹ አያ ጅቦ የሚላት እርሷ ልትሆን ትችላለች። ይህን ያወቀ ሰው ተረቱን አይተወውም፤ ሞኙ አያ ጅቦ አሁንም ያስቃል፤ ነገር ግን ሳቁ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታከልበታል፣ የሰው ልጅ ያላጣራውን ሁሉ በወንድ እንደሚጠራ ማወቅ። እውቀት ደስታን የሚያበላሸው ደስታው ባለማወቅ ላይ ብቻ ሲቆም ነው።

ደግሞም አንባቢ በኋላ ባገኘው እውቀት የቀደመን መጽሐፍ ማንበብ ለ«ጦቢያ» አዲስ ነገር አይደለም። ደራሲው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጋር መቆማቸው፣ ከነፃነት በኋላም ጅማ ተግዘው መሞታቸው ከታወቀ ወዲህ፣ መጽሐፉን ከዚያ ጥላ ነጥሎ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ይህንንም ማንም ዘመን ማዛባት ብሎ አልተቃወመውም። ለፖለቲካ የተፈቀደ ዳግም ንባብ ለሥርዓተ ጾታ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

በምትክ የተሰጠው ሙሽራ

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? መጽሐፉ ከመዝጊያው ይበልጣል። የመካከሉ ታሪክ ወንድነት ተብሎ የሚከበረው ነገር አብዛኛው ከጨርቅና ከአጠራር የተሠራ መሆኑን ገልጦ አሳይቷል፤ መጨረሻው ደግሞ ያየውን ፈርቶ ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሳል። አፈወርቅን መውቀስ ያለመጠን ቀላል፣ ማወደስም ያለመጠን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊው ነገር ደራሲው ራሳቸው ከፍተው ያልዘጉትን በር ማሳየት ነው። ያም በር ጦቢያ አይደለችም፤ የንጉሡ ዘመድ ናት።

ይህች ወጣት አንድ ሰው ወደደች። የወደደችው ድምፁን፣ አነጋገሩን፣ ለአባቱ የሚያሳየውን ታዛዥነት፣ በሰው አገር ያለውን ትዕግሥት ነው፤ እነዚህ ሁሉ የጦቢያ ናቸው፣ አንዳቸውም የዋሕድ አይደሉም። ምስጢሩ ሲገለጥ የተሰጣት ግን ፊቱ የሚመሳሰል፣ ጾታው የሚስማማ ሌላ ሰው ነው። በእንግሊዛዊው ሼክስፒር «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ተውኔትም ወንድ የመሰለችን ቪዮላን ያፈቀረችው ኦሊቪያ በመንትያዋ በሴባስቲያን ትካሳለች፤ ተመልካች ስቆ ይወጣል። የመንትያነት ብልሃት ሁለቱም ድርሰቶች ላይ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ያስነሣውን ጥያቄ ማንም ሳይጠይቀው በፊት መዝጋት። በልብ ወለዱ ውስጥ ስለ ጦቢያ ንጉሥ ሃይማኖቱን እስከ መለወጥ ሲደርስ፣ ለዚህች ሴት ግን የሰው መልክ እንጂ ሰውዬው አልተሰጣትም።

ስለዚህ «ጦቢያ» ከትምህርት ቤትም ከቤት መደርደሪያም ሊወርድ አይገባውም፤ ይልቁንም ከዛሬው በበለጠ ሊነበብ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሠርጉ ላይ ሲደረስ ገጹን ቶሎ አለመግለጥ ነው። ሁለቱ ሙሽሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይኑን ከጦቢያ ላይ አንሥቶ ከዋሕድ አጠገብ ወደተቀመጠችው የሚያሻግር አንባቢ፣ ያቺ ሴት ጦቢያን አሁን በምን ስም እንደምትጠራት፣ «ና» ስትለው የነበረውን ሰው «ነይ» ለማለት ምላሷ ስንት ጊዜ እንደተሰናከለ መጽሐፉ ሳይነግረው ያስባል።